የደጅ ድንጋይን ከአልጌና ከሳረንስት ስለማጽዳት

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን ከቤታቸው ጀርባ፣ ፀሐይ እምብዛም በማይደርስበት በኩል፣ ፈዛዛ ቀለም ባለው የተፈጥሮ ድንጋይ የተነጠፈ መተላለፊያ፣ ጥቂት የድንጋይ ደረጃዎችና አንድ ዝቅተኛ የድንጋይ አጥር አላቸው። ንጣፉን አረንጓዴና አዳላጭ አልጌ ሸፍኖታል፤ በድንጋዮቹ መጋጠሚያ ውስጥ ደግሞ ሳረንስት፣ ማለትም በእርጥብ ድንጋይና በዛፍ ግንድ ላይ ጥቅጥቅ ብሎ የሚበቅለው ለስላሳ ደቃቅ ተክል፣ ሞልቶበታል። ባለፈው ዓመት በከፍተኛ ግፊት የውሃ ማሽን አሳጥበው በረኪና ስላፈሰሱበት ድንጋዩ ነጥቶ ነበር፤ ይሁን እንጂ ዝናቡ ሲመጣ አረንጓዴውም ከቀድሞው ብሶ ተመለሰ። አሁን የሚፈልጉት ይህን ነገር ከሥሩ ነቅሎ የሚያጠፋው አሲድ የትኛው እንደሆነና በምን ያህል ውሃ በጥብጠው እንደሚጠቀሙበት ማወቅ ነው።

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልናገር፦ እባክዎ ምንም ዓይነት አሲድ አይጠቀሙ። ፈዛዛ ቀለም ካላቸው የንጣፍ ድንጋዮች ብዙዎቹ የኖራ ድንጋይ፣ እብነ በረድ ወይም የእነዚህ ቅርብ ዘመዶች ናቸው፤ የተሠሩበት ካልሲየም ካርቦኔት ደግሞ አሲድ ሲነካው አረፋ እያወጣ ይሟሟል። አሲዱ አልጌውን ያነሣልዎታል፤ የሚያነሣው ግን አልጌው ያረፈበትን የድንጋይ ገጽ ጭምር ይዞ ነው። የተበላው ገጽ ተመልሶ አይተካም፤ ከሥር የሚወጣው አዲሱ ገጽም ሻካራና ውሃ የሚመጥ ስለሚሆን፣ ለሚቀጥለው አልጌ ከቀድሞው የበለጠ የተመቸ ማደሪያ ይሆናል። በመጋጠሚያው ውስጥ ያለው ኖራና ሲሚንቶም ከዚሁ ጉዳት አያመልጥም። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ በድንጋዩ ውስጥ የሚነቀል ሥር የለም። አልጌ ሥር የለውም፤ ሳረንስትም ድንጋዩን የሚይዘው ከጸጉር በሚቀጥኑ ክሮች ሲሆን፣ ውሃውን በአብዛኛው የሚወስደው በቅጠሎቹ ገጽ በቀጥታ ነው። ባለፈው ዓመት የተመለሰብዎ እርጥበቱ ካለበት ስላልተነካ ነው። ስለዚህ በፊትዎ ያለው ሥራ ሁለት ነው፦ ያለውን ድንጋዩን ሳይጎዱ ማንሣት፣ ውሃውንም ከድንጋዩ ማራቅ። ከሁለቱ የሚበልጠው ሁለተኛው ነው፤ ብዙ ሰው የሚተወውም እርሱኑ ነው።

በአንድ ንጣፍ ላይ የሚታየው ሁሉ አንድ ዓይነት ሕይወት አለመሆኑን ማወቅ ይጠቅማል። አረንጓዴው ልባስ አልጌ ነው፤ ብርሃንና እርጥበት ካገኘ ከአቧራና ከዝናብ የሚደርሰው ጥቂት ማዕድን ይበቃዋል። አንዳንድ ጊዜ በግንብ ላይ የሚታየው ወደ ብርቱካናማ የሚወስደው ቀለም፣ ብዙዎች ዝገት ነው የሚሉት፣ እርሱም ራሱ ትሬንቴፖሊያ የሚባል የአልጌ ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ አረንጓዴነቱን የሚሸፍንበት በውስጡ የሚያከማቸው ካሮቲኖይድ የተባለው ቀለም ነው። በእርጥበት ጊዜ የሚያሟልጨውና ሲደርቅ እንደ ጥላሸት የሚጠቁረው ልባስ ብዙውን ጊዜ ሳያኖባክቴሪያ፣ ማለትም እንደ አልጌ ከብርሃን ምግቡን የሚሠራ የባክቴሪያ ዓይነት፣ ነው። ሳረንስት ተክል ነው፤ ድርቅን የመቋቋም ችሎታውም አስገራሚ ነው። ለረጅም ጊዜ ደርቆና ቡናማ ሆኖ ከቆየ በኋላ ውሃ ሲነካው ቅጠሎቹን ዘርግቶ ሕይወቱን ይቀጥላልና፣ በበጋ ደርቆ ስላዩት ሞቷል ብለው አይዘናጉ። ክብ ክብ እየሠራ ግራጫ፣ ነጭ ወይም ቢጫ ሆኖ በድንጋዩ ላይ የሚጣበቀው የድንጋይ ሽበት ደግሞ ፈንገስና አልጌ ተጣምረው የሚኖሩበት ሌላ ፍጥረት ስለሆነ፣ ወደ ኋላ ለብቻው እመለስበታለሁ።

ካለፈው ዓመት ጽዳት በኋላ ለምን ብሶ እንደተመለሰ ለመረዳት፣ በድንጋዩ ላይ የደረሰውን አንድ በአንድ ማየት ያስፈልጋል። ከፍተኛ ግፊት ያለው ውሃ፣ በተለይ ቀዳዳው ጠባብ ከሆነ መርጫ ሲወጣ፣ ለስላሳ ድንጋይን ይቦረቡራል። ጉዳቱ በእርጥብ ድንጋይ ላይ አይታይም። ድንጋዩ ሲደርቅ ግን ወደ ጎን ጎንበስ ብለው ቢመለከቱት፣ ማሽኑ የተመላለሰበት መስመር ደብዝዞና ሻክሮ ይታያል፤ በጣትዎ ሲዳስሱትም አሸዋማ ሆኖ ይሰማዎታል። በእነዚህ ጥቃቅን ጉድጓዶች ውስጥ ውሃና አቧራ ይቆያሉ። ማሽኑ የመጋጠሚያውንም አሸዋ ጠርጎ ስለሚያወጣ ባዶው ቦታ አፈር ይሞላበታል፤ አፈሩም ሳረንስት ያበቅላል። በረኪናው በበኩሉ ያገኘውን ሕይወት በፍጥነት ገድሎ ቀለሙን ስላነጣው ሥራው የተጠናቀቀ አስመሰለው እንጂ፣ ውሃው የሚመጣበትን መንገድ አልነካም። ንጥረ ነገሩ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ሲሆን ሥራውን ሲጨርስ ጨው ይተዋል፤ ጨውም በድንጋዩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ውስጥ እየሟሟና እየደረቀ በተመላለሰ ቁጥር ክሪስታል እየሆነ ገጹን ከውስጥ ይገፋዋል። ከወራት በኋላ በድንጋይ ላይ የሚታየው ነጭ ብናኝና የሚቀረፈው ስስ ልጣጭ ብዙውን ጊዜ የዚህ ዓይነት ጨው ሥራ ነው።

ወደ ሥራው ከመግባትዎ በፊት ድንጋይዎን ይወቁት። በማይታይ ጥግ፣ ቢቻል ከተረፈና ካልተነጠፈ ቁራጭ ላይ፣ አንድ ጠብታ አቼቶ ወይም የሎሚ ጭማቂ ያድርጉና በቅርበት ይመልከቱ። ጥቃቅን አረፋ ከወጣ ድንጋዩ ካልሲየም ካርቦኔት አለበት፤ አሲድ ፈጽሞ አይስማማውም። ጠብታውን ወዲያው በብዙ ውሃ ያጥቡት። ቀጥለው በደረቀ ንጣፍ ላይ ጥቂት ንጹሕ ውሃ ጠብ ያድርጉ። ጠብታው ሳይሰምጥ ለረጅም ጊዜ ከቆየ ድንጋዩ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ግራናይትና ባዛልት በአብዛኛው እንደዚህ ናቸው። በቅጽበት ጠቁሮ ከሰመጠ ግን ድንጋዩ ውሃ የሚመጥ ስለሆነ፣ የሚያፈሱበት ኬሚካል ሁሉ ወደ ውስጡ ዘልቆ እንደሚገባ ያስቡ። ይህ ሁለተኛው ሙከራ ቀላል ይመስላል፤ ለእኔ ግን ከማንኛውም የምርት መግለጫ ይልቅ የሚያስተምረኝ እርሱ ነው።

አሁን ወደ ውሃው እንምጣ። ከአንድ ጥሩ ዝናብ በኋላ ወደ መተላለፊያው ወጥተው ንጣፉ እንዴት እንደሚደርቅ ይከታተሉ። በመጨረሻ እርጥብ ሆኖ የሚቀረውን ቦታ ዙሪያውን በጠመኔ ያስምሩበት። ከዚያ ምልክቱን ከአልጌውና ከሳረንስቱ ቦታ ጋር ሲያስተያዩት፣ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ላይ ሆነው ያገኟቸዋል። ቀጣዩ ጥያቄ እዚያ ውሃው ከየት መጣ የሚለው ነው። አሸንዳው ሞልቶ ይፈስሳል? የአሸንዳው ቱቦ ውሃውን የሚደፋው በቀጥታ በንጣፉ ላይ ነው? የአትክልት ውሃ መርጫ በየዕለቱ ድንጋዩን ያረጥበዋል? የአትክልቱ መደብ ከንጣፉ ከፍ ብሎ ጭቃው ወደ ድንጋዩ ይወርዳል? የዛፍ ወይም የቁጥቋጦ ቅርንጫፍ ነፋስና ፀሐይ ከልክሎታል? ከእነዚህ አብዛኞቹ በመጥረቢያ፣ በመቀስና በአንድ ሜትር ቱቦ የሚታረሙ ናቸው። ንጣፉ ራሱ ዘሞ ውሃ የሚያቁር ከሆነ ግን በውሃ ልክ ይለኩት። በአንድ ሜትር ርዝመት ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ ተዳፋት፣ ከቤቱ ግድግዳ ወደ ውጭ እያደላ፣ ውሃው ሳይቆም እንዲወርድ ይበቃል። የሰመጡትን ጥቂት ድንጋዮች አንሥቶ፣ ከሥራቸው አሸዋ ጨምሮና ጠቅጥቆ መመለስ አድካሚ ነው፤ ነገር ግን በየዓመቱ ከመፋቅ ያሳርፋል።

ይህ ሐሳብ ለትንሽ ደጅ ብቻ የሚሠራ እንዳይመስልዎ። በኢንዶኔዥያ ጃቫ ደሴት የሚገኘው የቦሮቡዱር የቡድሂስት ቤተ መቅደስ የተሠራው አንዴሳይት ከተባለ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሲሆን፣ የተገነባውም በተፈጥሮ ኮረብታ ላይ ነው። የዝናቡ ውሃ በድንጋዮቹ መካከል ወደ ኮረብታው ገብቶ በቅርጻ ቅርጾቹ በኩል ይወጣ ስለነበር፣ ድንጋዮቹ በአልጌ፣ በሳረንስትና በድንጋይ ሽበት ተሸፍነው፣ ግንቦቹም ዘመው ነበር። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1973 እስከ 1983 በዩኔስኮ ድጋፍ በተካሄደው ታላቅ ጥገና የታችኞቹ እርከኖች ድንጋይ በድንጋይ ተፈትተው ጸድተዋል፤ ነገር ግን ድንጋዮቹ ወደ ቦታቸው የተመለሱት ከጀርባቸው የውሃ መውረጃ ቦይ ከተሠራላቸው በኋላ ነው። ያ ቦይ ባይሠራ ኖሮ ያ ሁሉ መፋቅ ትርጉም አይኖረውም ነበር።

ጽዳቱን ዝናብ በማይጠበቅባቸው ተከታታይ ቀናት ያድርጉት። መጀመሪያ ሳረንስቱን ያንሡ። በጣም ሲደርቅ ተፈርፍሮ ይበተናል፤ ውሃ ጠጥቶ ሲያብጥ ደግሞ ጭቃ ሆኖ ይቀባል። የሚሻለው ከሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ፣ ማለትም በስሱ የረጠበ ሲሆን ነው። የእንጨት ወይም የፕላስቲክ መፋቂያ ከጠርዙ በኩል በአግድም ሲያስገቡ በትልልቅ ቁራጭ ይነሣል። አንዱን ቁራጭ ገልብጠው ቢያዩት ከሥሩ ቡናማ የክር ጉንጉን፣ በመካከሉም የታሰረ አፈርና ጥቂት የድንጋይ ብናኝ ይታያል። የድንጋዩ ብናኝ ከበዛ ንጣፍዎ መሰባበር ጀምሯልና ከዚህ በኋላ በሚያደርጉት ሁሉ እጅዎን ያለስልሱ። በመጋጠሚያው ውስጥ ያለውን ሳረንስት በጠባብ የእንጨት ቁራጭ ቆፍረው ከነአፈሩ ያውጡት፤ ላዩን ብቻ ከቆረጡት በውስጥ የቀረው ቁራጭ እንደገና ይበቅላል። የተነሣውን ሁሉ በመጥረጊያ ሰብስበው ያርቁ። በውሃ ገፍተው ወደ ንጣፉ ዳርቻ ካደረሱት እዚያው ተመልሶ ይይዛል።

ቀጥሎ አልጌው። ድንጋዩን በንጹሕ ውሃ አርጥበው ጥቂት ይጠብቁና ጠንከር ባለ የናይለን ወይም የተፈጥሮ ጸጉር ብሩሽ በክብ እንቅስቃሴ ይሹት። የሽቦ ብሩሽ አይንኩ፤ ድንጋዩን ከመቧጨሩም በላይ የሚተዋቸው ደቃቅ የብረት ስባሪዎች ዝገው ለማስለቀቅ የሚያስቸግር ቡናማ ነጠብጣብ ይሆናሉ። የሚወርደውን አረንጓዴ ውሃ በየጊዜው በንጹሕ ውሃ ያስወግዱ፤ ያለዚያ በብሩሽዎ ከአንዱ ድንጋይ ወደ ሌላው እያጓጓዙት ነው። ጠያቂያችን ይህን ሲያነቡ ቅር እንደሚላቸው አውቃለሁ፤ ብሩሽና ውሃ የባለሙያ መልስ አይመስልም። ሆኖም በለሰለሰ አልጌ ላይ ከዚህ የበለጠ ነገር ብዙ ጊዜ አያስፈልግም፤ ድንጋዩም ምንም አያጣም።

ከብሩሹ በኋላ የቀረውን ለመግደል ካሉት መንገዶች መጀመሪያ የምመርጠው ሙቀትን ነው። ለትንሽ ቦታና ለመጋጠሚያዎች የፈላ ውሃ በቀስታ ማፍሰስ፣ ለሰፊው ደግሞ የእንፋሎት ማሽን መከራየት ይቻላል። ሙቀቱ ሕዋሳቱን ይገድላል፤ በድንጋዩም ውስጥ የሚቀር ኬሚካል የለም። በጣም በቀዘቀዘ ጠዋት ግን የፈላ ውሃ አያፍስሱ፤ ስስና ስንጥቅ ያለበት ድንጋይ በድንገተኛ የሙቀት ለውጥ ሊሰነጠቅ ይችላል። እግርዎንም የተሸፈነ ጫማ ያልብሱት።

ኬሚካል ማስፈለጉ ካልቀረ ሁለት ዓይነቶችን ላንሣ። አንዱ በልብስ ማንጫ ዱቄቶች ውስጥ የሚገኘው ሶዲየም ፐርካርቦኔት ነው። በሞቀ ውሃ ሲሟሟ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድና ሶዲየም ካርቦኔት፣ ማለትም ሶዳ፣ ይሆናል፤ የሚሠራው የመጀመሪያው ሲሆን በመጨረሻ ወደ ውሃና ኦክስጅን ይለወጣል። በድንጋዩ ላይ ቀብተው ሳይደርቅ ለግማሽ ሰዓት ያህል ካቆዩት በኋላ በብሩሽ አሽተው፣ የሶዳው ቅሪት ነጭ ሆኖ እንዳይቀር ደጋግመው በውሃ ያጥቡት። የበጠበጡትን በዚያው ቀን ይጨርሱ እንጂ በተከደነ ጠርሙስ አያስቀምጡት፤ የሚወጣው ኦክስጅን ጠርሙሱን ሊያፈነዳው ይችላል። የንጹሕ ፐርካርቦኔት ዱቄት ካገኙ፣ ሽቶና ቀለም ከተቀላቀለበት የልብስ ሳሙና ይልቅ እርሱን ይምረጡ።

ሌላው በድንጋይ ማጽጃነት የሚሸጡ ብዙ ምርቶች የያዙት ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ የተባለ ተሕዋስያን ገዳይ ንጥረ ነገር ነው። አሠራሩ ከበረኪና ፈጽሞ ይለያል። በደረቀ ድንጋይ ላይ ተረጭቶ ይተዋል፤ አይታጠብም። ቢያንስ ለጥቂት ሰዓታት ዝናብ እንዳይነካው ያስፈልጋል። አልጌው በቀናት ውስጥ ይጠወልጋል፤ ሳረንስቱ ይገረጣል፤ የሞተው ነገር በነፋስና በዝናብ ተጠርጎ እስኪወርድ ግን ሳምንታት ይፈጃል። ብዙ ሰዎች በሦስተኛው ቀን ለውጥ ስላላዩ ደግመው አብዝተው ይረጫሉ፤ ይህ ብክነት ነው። ሁለት ነገሮችን ግን አጥብቄ አሳስባለሁ። አስቀድመው በሳሙና ካጠቡ፣ የሳሙናው ቅሪት ይህን ንጥረ ነገር ኃይል ያሳጣዋልና ድንጋዩን በሚገባ አጥበው ያድርቁት። ሁለተኛውና የሚከብደው፣ ለዓሣና በውሃ ውስጥ ለሚኖሩ ፍጥረታት እጅግ መርዛማ መሆኑ ነው። የዓሣ ገንዳ፣ ኩሬ ወይም ወደ ወንዝ የሚወስድ የዝናብ ውሃ ቦይ አጠገብ ካለ በዚህ አይጠቀሙ፤ በሙቀቱና በብሩሹ ይጽኑ። መጠኑን ከምርቱ ላይ እንደተጻፈው ይለኩ፤ ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር ያድርጉ፤ ነፋስ ባለበት ሰዓት አይርጩ። ከሁሉ በፊት ደግሞ በአንድ የተደበቀ ድንጋይ ላይ ሞክረው ለጥቂት ቀናት ይጠብቁ፤ በውስጡ ብረት ያለበት ድንጋይ በሚያነጡ ነገሮች ሁሉ ወደ ዝገት ቀለም ሊለወጥ ይችላል።

በረኪናን በተመለከተ የእኔ ምክር መተው ነው፤ ከላይ ከጠቀስኩት ጨው ሌላ በአጠገቡ ያለውን ተክል ያቃጥላል፣ ብረትንም ያዝገዋል። ቤትዎ ውስጥ የተረፈ ካለ ከአቼቶ፣ ከአሲድ ወይም አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር በምንም ምክንያት አያገናኙት። ከአሲድ ጋር ክሎሪን ጋዝ፣ ከአሞኒያ ጋር ደግሞ ክሎራሚን ያወጣል፤ ሁለቱም ሳንባን የሚጎዱ መርዛማ ጋዞች ናቸው። በረኪና ፈሶበት ሳይታጠብ በቆየ ንጣፍ ላይ አሲድ ማፍሰስም ይህንኑ አደጋ ይጋብዛል። የገበታ ጨው መበተን ርካሽ መፍትሔ ተብሎ ሲመከር እሰማለሁ፤ ድንጋዩን ከውስጥ የሚያፈርሰውን ነገር በእጅ እንደ መስጠት ነው። ለሣር ሜዳ የሚሸጠው የብረት ሰልፌት ሳረንስትን ይገድላል፤ ፈዛዛ ድንጋይ ላይ ቢወድቅ ግን ብርቱካናማ የዝገት እድፍ ይተዋልና በንጣፉ አጠገብ ሲበትኑት ይጠንቀቁ።

የግፊት ማሽኑን ጨርሶ አልከለክልም። ድንጋዩ ጥቅጥቅ ያለ ግራናይት ወይም ባዛልት ከሆነ፣ ውሃውን በሰፊው የሚዘረጋ መርጫ ተገጥሞለት፣ በዝቅተኛ ግፊት፣ ከድንጋዩ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ርቆ፣ በአግድም ዘንበል ተደርጎ ቢሠራበት ብዙ ጉዳት አያደርስም። የእርስዎ ፈዛዛ ድንጋይ ጠብታውን በቅጽበት የሚመጥ ከሆነ ግን ማሽኑ ዳግመኛ አይቅረበው።

አሁን ወደ ድንጋይ ሽበቱ። የፈንገሱ ክሮች በድንጋዩ ጥቃቅን ስንጥቆች ውስጥ ስለሚገቡ፣ በሕይወት ሳለ ቢፋቅ የያዘውን የድንጋይ ቅንጣት ይዞ ይነሣል። አስቀድሞ መሞት አለበት። ከላይ ከተነገሩት በአንዱ ከታከመ በኋላ ቀለሙ እስኪለወጥና ጠርዙ እስኪላቀቅ ለወራት መታገሥ፣ ከዚያ በእርጥብ ለስላሳ ብሩሽ ማንሣት ይገባል። የሚያድገው በጣም በዝግታ፣ ብዙዎቹ ዓይነቶች በዓመት ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ የሚያስቸኩል ነገር የለም። በደረጃው ላይ ካልሆነና ካላስቀየመዎት እንዲያውም ቢተዉት ደስ ይለኛል።

ድንጋዩ ሲጸዳ ባዶ የሆኑትን መጋጠሚያዎች በዚያው ሰሞን ይሙሏቸው፤ ባዶ መጋጠሚያ አፈር ይሰበስባል። ንጣፉ በአሸዋ ላይ የተነጠፈ ከሆነ ንጹሕና ደረቅ ደቃቅ አሸዋ በመጥረጊያ እያስገቡ ሞልተው ይጠቅጥቁት። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ቅጠልና አቧራውን መጥረግ አዲስ ሳረንስት የሚነሣበትን አፈር ያሳጣዋል። የአበባ ማስቀመጫዎችን በቀጥታ በድንጋዩ ላይ ከማስቀመጥ ይልቅ አየር በሥራቸው እንዲያልፍ በትናንሽ እግሮች ላይ ከፍ ያድርጓቸው።

ውሃ የሚከላከል ቅብ ይቀባ ወይ የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ለጊዜው አይቀቡ። ድንጋዩ ከሥሩ እርጥበት የሚስብ ከሆነ፣ ገጹን እንደ ቫርኒሽ የሚዘጋ ቅብ ውሃውን በውስጡ ይቆልፈዋል፤ ቅቡም ራሱ ነጥቶ ይቀረፋል። ውሃውን አስተካክለው አንድ የዝናብ ወቅት ካሳለፉና ንጣፉ በደንብ እንደሚደርቅ ካረጋገጡ በኋላ፣ አሁንም ቅብ ከፈለጉ፣ እንፋሎት የሚያሳልፈውንና ሲሌን ወይም ሲሎክሴን ከተባሉ ውሃ ከሚገፉ የሲሊከን ውህዶች የተሠራውን፣ ፍጹም በደረቀ ድንጋይ ላይ ይጠቀሙ።

ስለ አጥሩ የምለው አጭር ነው። ማንም አይረግጠውምና አልጌው አያዳልጥም፤ ሊያሳስብዎ የሚገባው የአጥሩ ራስ ላይ ውሃ የሚያስገባ ስንጥቅ ካለ ነው። ስንጥቁን ሲሞሉ ለለስላሳ ድንጋይ ጠንካራ ሲሚንቶ ሳይሆን የኖራና የአሸዋ ድብልቅ ይስማማዋል፤ ሲሚንቶው እርጥበቱን ወደ ድንጋዩ ይገፋና በመጋጠሚያው ፈንታ ድንጋዩ እንዲፈርስ ያደርጋል። በአጥሩ ወይም በደረጃው ላይ የተቀረጸ ጽሑፍ ወይም ምስል ያለበት ድንጋይ ካለ ግን ከላይ የጻፍኩት ሁሉ፣ ብሩሹ ጭምር፣ አይመለከተውም። ፎቶግራፍ አንሥተው፣ ምንም ሳይነኩ፣ በቅርስ ድንጋይ ጥገና ለሠለጠነ ሰው ያሳዩት።